የዶክተሩ በረዶ

«ጠጣችሁት?»

«በወተት» ትላለች እትዬ ዶምና። «ጥሩም አልነበረ። ረግረግ ረግረግ ይሸታል።»

ዶክተር ጋብሪል ሳጥኑን ወለሉ ላይ ዘጭ ያደርገዋል። ከያኩትስክ ከተማ በጀልባ ሁለት ቀን ተሸክሞት የመጣ የበረዶ መያዣ ሳጥን ነው። አሁን ጓሮ ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ በሆነ መሬት ውስጥ የተቆፈረው የበረዶና የስጋ ማስቀመጫ ጉድጓዳችን ወርዶ፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ባዶውን ይዞት ወጣ።

«ስድስቱንም በረዶ?»

«እንግዳ ነበረብን» እላለሁ እኔ፣ ቤቷ እያደርኩ ላሞቿን የምጠብቅላት።

«ወረቀት ለጥፌበት አልነበር! ቁጥር ጽፌበት! አስራ አራት ቁጥር የታለ?»

በመስኮቱ አሳየዋለሁ። ላሟ አጥሩ ጋ ቆማ ትንኝ ታባርራለች። ቀንዷ ላይ 14 የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቁጥር ማንቆርቆሪያ ውስጥ አይገባ ነገር፣ መጣሉም አሳዘነኝ።

ዶክተሩ ወንበር ይስብና መጀመሪያ በመሀረብ ይጠርገዋል። የታችኛው መንደር ልጅ እኮ ነው፣ አባቱ የላም በረት ሲጠርግ የኖረ! ከተማ ሄዶ አስራ ሁለት ዓመት ስለ በረዶ ተምሮ፣ ቂጡ ከወንበራችን ጋር ተኳርፎ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ምን እንዳደረጉ ገብቶዎታል? ያ በረዶ ሠላሳ ሺህ ዓመቱ ነው። መሃሉ ላይ ቡናማ መስመር አላዩም? አፈር ነው። አፈሩ ውስጥ የተኙ ተሕዋሲያን አሉ። መሬቱ ሲቀልጥ ይነቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ። ትንፋሻቸው ደግሞ ዓለሙን ያሞቀዋል፣ መሬቱም የባሰ ይቀልጣል። እኔ ሦስት ዓመት ገደል ላይ ተንጠልጥዬ ያወጣሁት ነው!»

ተንጠልጥዬ ይላል እንዴ! የተንጠለጠልኩት እኔ። እሱ ከላይ ሆኖ የትንኝ ቅባቱን እየተቀባ «ቀስ በል፣ እንዳትሰብረው» ይለኝ ነበር። ለነዚህ ትሎች።

«ቡናማውንማ አይቻለሁ» ትላለች እትዬ ዶምና። «በጨርቅ አጠለልኩት።»

«አጠለሉት!»

«ታዲያ ጭቃ ላጠጣቸው?» የምታቦካውን ሊጥ ትታ ትዞርበታለች። «ስማ ጋብሪል፣ አንተ ግን የዚህ አገር ልጅ ነህ? ጉድጓድ ውስጥ ያለ በረዶ ምን ይሆናል?»

ጋብሪል መሀረቡን ያጣጥፋል።

«ንገረኛ! እናትህ አላስተማረችህም? ሻይ ይሆናል! በኅዳር ከሐይቁ በመጋዝ ቆርጠን እናስገባለን፣ በጋውን ሙሉ እያቀለጥን እንጠጣለን። የሚጠና በረዶ የሚባል አናውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት መጥተህ ‹የከተማው ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋ ከዳኝ፣ ያንቺ ጉድጓድ ግን መብራት አያውቅም› ብለህ በየዓመቱ ከኔው በረዶ ጎን ትደረድራለህ። አትንኪ አላልክ!»

«ወረቀቱ እኮ…»

«ወረቀቱን ላሟ ታንብበው።»

እኔ በሳቅ እሞታለሁ። እሱ ግን ከንፈሩን እየነከሰ ነው።

«የራሳችሁ በረዶ አልነበራችሁም?»

«ቀለጠ» ትላለች። «የኔ ከታች ነበር፣ ያንተ መደርደሪያው ላይ። ውሃው ደግሞ የመጣው ከታች ነው።»

ይሄን አልሰማም። አንድ ነገር ብልጭ ብሎለት ዓይኑ እኔ ሆድ ላይ ቀርቷል።

«መቼ ነው የጠጣችሁት? ሆዳችሁን አላመማችሁም?» ከቦርሳው ክዳን ያላት ብልቃጥ ያወጣል። ፊቱ ይቀላል። «ማለቴ… ለሳይንስ ሲባል… ምናልባት ከውስጥ ያለፈውን…»

ሳይጨርስ ገባኝ። «እዚሁ ልቀመጥልህ ወይስ ጓሮ ልሂድ? ሠላሳ ሺህ ዓመት ተኝቶ በኔ በኩል ሊወጣ! ትልህ ምን ዓይነት ዕድል ነው ያለው?»

እትዬ ዶምና አትስቅም። እጇን በሽርጧ ትጠርግና ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች።

«ጉድጓዴ ስንት ዓመት ይቆይልኛል?»

ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቀችው ይሄንን ነው። በየበጋው ይመጣል፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ያስገባውን የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ደብተሩን ይዘጋል። «ጥናቱ ሲያልቅ፣ እትዬ» ይላል። ከዚያ ተቀምጦ የፈረስ ውርንጭላ ጎድን እስከ አጥንቱ ይግጣል። ጎድኑም ከዚያው ጉድጓድ ነው የሚወጣው። ዘንድሮ ስጋው አልቦታል፣ ግማሹን ለውሾቹ ሰጥተናል። ጉድጓድ የሌለው ሰው እዚህ አይከርምም። ልጇ ከተማ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለችው፣ ነይ ይላታል። ላሞቹ ግን ደረጃ አይወጡም።

«ጥናቱ ሲያልቅ…» ይጀምራል።

«አለቀ እኮ። ጠጣነው። አሁን ንገረኝ።»

ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ ያሽከረክራታል።

«ይሄ የመጨረሻው በጋ ነው» ይላል። «ለከርሞ ግድግዳው ይናዳል።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«በመጀመሪያው ዓመት።»

ልስቅ ከፍቼው የነበረ አፌን እዘጋዋለሁ። ባለፈው በጋ እትዬ ዶምና በስድሳ ስድስት ዓመቷ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክካ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በእበት ስትመርግ፣ እሱ ከላይ ቆሞ ባትሪ አብርቶላታል።

«አይተኸኛል» ትላለች ቀስ ብላ። «እበቱን ስመርግ አይተኸኛል። ለምን ዝም አልከኝ?»

ዶክተር ጋብሪል የብልቃጧን ክዳን አጥብቆ ይገጥማል። ከመጣ ጀምሮ አሁን ገና ፊቷን ቀና ብሎ ያያል።

«ብነግርዎት ጉድጓዱን ትተው ይሄዱ ነበራ» ይላል። «በረዶዬን የት ላስቀምጥ?»