ምጥን ሽሮ

ልጅቷ የያዘችው የደም ግፊት መለኪያ ጢጥ ብሎ ሲያበቃ እናቷ ቁጥሩን ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰሚት ኮንዶሚኒየሞች አዞረች። እንደገና አሻቅቧል። የኩላሊት ሐኪሙ «መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየዋጡ ለምን እንደሚወጣ አልገባኝም» ብሏል። ለልጅቷ ግን ገብቷታል።

«እማዬ፣ ዛሬም ተደብቀሽ ጨው በላሽ?»

«ማርያምን አልበላሁም! ጨዉን እንደሆን ቆልፈሽበታል። እንደውም ሽሮሽ ራሱ ጨው ጨው ይለኛል።»

«እሱ ምላስሽ ነው። ኩላሊት ሲታመም ጣዕም ይዛባል ተብለሻል እኮ!»

እየተነጫነጨች የእናቷን እራት ልትሠራ ማድ ቤት ገባች። እናቷ በእጇ ያዘጋጀችው ካለቀ ወዲህ ሽሮውን የምትገዛው ከሰፈሩ ባልትና ነው፤ እሷ ራሷ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቷ አካባቢ በልታ ስለምትመጣ ቀምሳው አታውቅም። አዲሱን ከረጢት ስትቀድ ዱቄቱ ቦነነና ከንፈሯ ላይ አረፈ። ላሰችው። ጣቷን ነክራ ደግማ ቀመሰች። ክው አለች። ሲፈጭ ጨው አብሮ ገብቶበታል። ይህን ሁሉ ወር በገዛ እጇ ስታበላት ኖራለች።

ዞር ስትል እናቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ልጄ፣ ምናልባት ሳላውቀው በልቼ ይሆናል» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ዘንድሮ እየረሳሁ ነው መሰል። ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ ምላሷ ላይ የቀረውን ጨው ከምራቋ ጋር ዋጠች። ከረጢቱን በጀርባዋ ከለለችው።

«ይቅር ለእግዜር» አለች።