ለድምፅ የተመቸ ክፍል

«አሁን ደግሞ ከኋላ ስሙት» ይላል ስፒከር ሻጩ። ሪሞቱን ይጫናል፤ በጨለማው ማሳያ ክፍል ውስጥ ዝናብ ከጀርባችን ይነሳና በላያችን አልፎ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል።

እማዬ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች። ከዚያ ትስቃለች። «ውይ ጉዴ! ልሮጥ ነበር እኮ» ትለኛለች። ለሷ በጣም የሰፋ የቆዳ ወንበር ጫፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ደስ ብሏታል። እኔን ደስ ሲለኝ እሷንም ደስ ይላታል፤ ከድሮም እንዲህ ናት። ዛሬ ግን ይሄው ነገሯ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ይዣት የወጣሁት ስፒከር ላስመርጣት አይደለም። «እናትህ ናት፤ አንተው ንገራት። መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ንገራት» ብላኛለች ባለቤቴ። የምነግራት ይሄ ነው፦ ሐሙስ የእህቴ ባል በመኪናው መጥቶ እቃዋን ይጭናል፤ ከእንግዲህ የምትኖረው እህቴ ጋ ነው፤ ክፍሏ ደግሞ ፊልም ማያ ይሆናል። መንገዱን ሙሉ ስለ መንገዱ አወራኋት። መኪናው በዛ አልኳት፣ ፀሐዩ ከረረ አልኳት። ስንመለስ እነግራታለሁ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ፈሪስ ይሸሻል፤ እኔ ጭራሽ ጎኗ ተቀምጬ ስፒከር አማርጣለሁ።

«እሺ ጋሼ፣ ክፍሉ እንዴት ያለ ነው?» ሻጩ መብራቱን ያበራና ነጭ ወረቀት ይስባል። ወሬኛ ነው፤ ሥራውን ግን ይወዳል። «ድምፅ እንደ እንግዳ ነው፤ የሚገባበት ቤት ሳይታይ አይጠራም።»

«አዲስ ክፍል ነው» እላለሁ። «ገና እያዘጋጀነው ነው።»

«መስኮትስ አለው?»

«አንድ። ጠበብ ያለ።»

«በሩ?»

«ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።» እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የስፒከር ነገር ሲነሳ ቀልቤ ይጠፋል፤ ሳላስበው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብዬ በጣቴ እያሳየሁት ነው። ስክሪኑ እዚህ፣ ሁለቱ ረጃጅሞች ግራና ቀኝ፣ የሚያጓራው ቤዝ ጥጉ ላይ። «ሶፋው ደግሞ እዚህ ጋ» እላለሁ፤ «አሁን አልጋው ያለበት።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ሻጩ ምንም አልጠረጠረም፤ ሶፋውን ይስላል። የእማዬን ፊት ለማየት አልደፍርም። ጫማዋን ነው የማየው። ሁለቱ እግሮቿ ገጥመው ተቀምጠዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ምናለ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

«ልጄ» ትላለች እማዬ። እኔን መስሎኝ ነበር፤ ሻጩን ኖሯል። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለች። «ያንን የሚያጓራውን በዚህ በኩል አታድርጉት። ይሄ ከሳሎን ጋር የሚያገናኘው ግድግዳ ነው። ስስ ነው።»

«እማማ፣ ክፍሉን ያውቁታል እንዴ?»

«የኔ ክፍል ነው።»

የሻጩ ፊት ይፈካል። «ለእናትዎ ነዋ! ቀድመው አይነግሩኝም?» ይለኛል። «እማማ፣ የወለዱት ይባረክ! ስንቱ ነው እናቱን የሚረሳው።»

«አሜን» ትላለች እማዬ።

እኔ አሜን አልልም። ምን ብዬ?

«ግድግዳው በጣም ያሰማል?» ይላታል።

«ሁሉንም ያሰማል። ሹክሹክታ ሳይቀር።»

«ቴሌቪዥን ተከፍቶም?»

«ተከፍቶም። እንዲያውም ያን ጊዜ ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።»

ጆሮዬ ይግላል። እኔና ባለቤቴ ስለ እማዬ ማውራት ስንጀምር ቴሌቪዥኑን የማስጮኸው እኔ ነኝ። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው» ያለችው ባለቤቴ ናት፤ «ሳሏ እኮ ከፊልሙ በላይ ይሰማል» ብዬ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ። እማዬ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች። ጠዋት «ደህና አደርሽ?» ስላት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኝና የቀዘቀዘ ቁርሴን ታሞቅልኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አፈርኩ፤ እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

«ለሱ ግድ የለም» ይላል ሻጩ። «ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ እንለጥፍበታለን። ከዚያ በኋላ ሳሎን የተወራ እዚያው ሳሎን ይቀራል።»

«እሱስ ጥሩ ነው» ትላለች እማዬ።

«መቼ እናምጣው ታዲያ? ረቡዕ ይመቻችኋል?»

አፌን እከፍታለሁ። ተወው፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ማለት ምን ይከብዳል? ከዚህ የረዘመ ነገር ለአለቃዬ በየቀኑ እናገራለሁ።

«ረቡዕማ ገና አለሁ» ትላለች እማዬ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «መኪናው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ዓርብ አምጡት፤ ክፍሉን ጠርጌ ነው የምተወው።»

ሻጩ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ይጠፋል፤ እስክሪብቶውን እንደያዘ የኔን ቃል ይጠብቃል። እማዬ እጇን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች፤ አይዞህ እንደማለት መታ መታ ታደርገኛለች።

«ዓርብ ይሁን» እላለሁ።