በሩ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር

"ማን ፈቅዶልሽ ነው የለጠፍሽው?"

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው እንዲህ ያላት... በሩ ላይ፣ የተሰበሰበው ገበሬ ሁሉ እየሰማ።

እሷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ከአንገቷ ቀና ብላ ስለማታወራ ባልደረቦቿ "ዝምተኛዋ" ይሏታል።

"መመሪያው" አለችው። "የድጎማ ተቀባዮች ስም ለሕዝብ ይለጠፍ ይላል።"

መመሪያው ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል... ዝርዝሩ ግን አንድም ቀን ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ባልቴት ነው። ዝናብ ቀርቶ በቆሏቸው የደረቀባቸው እናት ናቸው። ለሰብል ድጎማ ሦስቴ ተመዝግበው፣ ሦስቴም "በጀቱ አልቋል" ተብለው ተመልሰዋል።

በአራተኛው ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ለእኔ አልደረሰም ካላችሁ እሺ። ለማን እንደደረሰ ግን ንገሩኝ።"

እሳቸውን ሸኝታ መሳቢያውን ከፈተች። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። ሁለት ቀን እህል ከአፏ አልገባ አለ።

በሦስተኛው ጠዋት፣ ቢሮ ሳይከፈት መጥታ ሰባቱንም ገጽ በሩ ላይ ለጠፈች።

ኃላፊው ሊገነጥለው እጁን ሲዘረጋ ባልቴቷ ቀድመውት በሩን ተደግፈው ቆሙ። ማንበብ አይችሉም። አንብቡልኝ ሲሉ አንድ ወፍጮ ፈጪ ጮክ ብሎ ጀመረ።

ከሞቱ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሰውዬ ስም ተጠራ።

"እዚያም ማሳ ደረሳቸው እንዴ?" አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

አንድ ጋት መሬት የሌለው ባለሱቅ ሲጠራ ግን ሳቁ ቆመ...

ቀጥሎ ያለውን ስም ወፍጮ ፈጪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው።

የዝምተኛዋ ታላቅ ወንድም ነው።

እናት አባታቸው ሲሞቱ ተሸክሞ ያሳደጋት፣ ያስተማራት... እርሻውን ትቶ ንግድ ከገባ አምስት ዓመት ያለፈው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ኃላፊው የገዛ ወንድሟን ስም አይታ እንደሆነ ጠየቃት።

"መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው" አለች። "እሱን ደብቄ የሌላውን ብለጥፍ ከእናንተ በምን እለያለሁ?"

ይሄኔ አንድ ሰው ከመሀል ወጣ።

ወንድሟ ነበር።

ለካ ከአንድ ቀን በፊት ቤቱ ድረስ ሄዳ ነግራዋለች። እሱም "ጡት ነካሽ" ብሎ ከቤቱ አስወጥቷታል...

አሁን ግን ለባልቴቷ ጎንበስ አለ። የወሰደውን ሁሉ የመለሰበትን የባንክ ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ለሰዉ አሳየ።

"ሐቀኛ ሁኚ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ" አለ። "ስትሆን ምን ልበላት?"

ዝምተኛዋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ዝርዝሩ እንደገና ተጣርቶ ድጎማው የማይገባቸው አሥራ አንድ ሰዎች ስም ተሰረዘ፤ ኃላፊውም ከቦታው ተነሣ። ባልቴቷም ለቀጣዩ ዘር ድጎማው ደረሳቸው። ዛሬ በየወቅቱ ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፋል...

ወዳጆቼ፣ የሌላውን ገመና ማውጣት ማንም ይችላል። ሐቅ የሚከብደው ከገዛ ቤት ሲጀምር ነው።

እናንተ ብትሆኑ... ያሳደጋችሁን ሰው ስም ትለጥፉት ነበር፣ ወይስ በዝምታ ታልፉት ነበር? ሳትዋሹ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።