የሐሙስ ደብዳቤ

ጉልላት ሠራተኛ የሚያባርረው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ለምን ሐሙስ ሆነ ብሎ የጠየቀው የለም። በዚያ ዘመን ጥያቄም ያስገድል ነበር።

ነገሩ የሆነው ሀዋሳ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰው ማልዶ ሲወጣ የጎረቤቱን ሬሳ መንገድ ዳር በሚያገኝበት ዓመት። ጉልላት በአንድ የተወረሰ የጣውላ ፋብሪካ የፐርሶኔል ሹም ነው። መቅጠሩም መቅጣቱም ማሰናበቱም በእሱ እጅ ነው።

ረቡዕ ላንድሮቨር ትመጣለች። ካድሬው ቢሮ ገብቶ ሻይ ይጠጣል፣ የሠራተኛ ማኅደር ያገላብጣል፣ አንዱን ይዞ ይሄዳል። ሐሙስ ለአንድ ሰው የስንብት ደብዳቤ ይወጣለታል። ጉልላት መታወቂያውን ይነጥቀዋል፣ በሰው ፊት በጥፊ ይለዋል፣ አንጠልጥሎም ጣውላ ወደ ዲላ በሚጭነው መኪና ላይ ይወረውረዋል። «አገርህ ግባ! ሀዋሳ እንዳላይህ!» ይላል። አርብ ማለዳ አብዮት ጥበቃዎች የሰውዬውን በር ገንጥለው ዕቃውን ሲበረብሩ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ነገር ያበቃል።

ለሠራተኛው ነገሩ ግልጥ ነበር። ጉልላት ይሸጣል፣ ካድሬው ኬላ ላይ ጠብቆ ከመኪና ያወርዳል፣ ዕቃው የሚበረበረው የሟች ነው።

መጋዝ የሚሞርደው ግዛቸውም እንዲሁ ነበር የሚያምነው። ታናሽ ወንድሙ ማቴዎስ በሐሙስ ደብዳቤ ነው የሄደው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በዲላ መንገድ ፊቱ በጥይት የፈረሰ ሬሳ ተገኘ። ግዛቸው ሄዶ አየው። ቁመቱ ልክ ማቴዎስ ነው። መቅበር ክልክል ስለሆነ ትቶት ተመለሰ።

ሰው ነውና አልቻለም። ቀበሌ ገብቶ «ወንድሜን የት አደረሳችሁት?» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ገፍትሮ አስወጣው። ከዚያ ጉልላት ቢሮ ገባ።

«አቶ ጉልላት፣ ያለ ጥፋት ሠራተኛ አይባረርም ይላል አዋጁ። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም» አለ።

ጉልላት ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ይግባኝ ካለው ራሱ ይምጣና ይክሰሰኛ!»

ግዛቸው ደሙ ፈላ። ሟች ከየት መጥቶ ይከሳል?

«ደሞ አንተ» አለ ጉልላት፣ «ቀበሌ ድረስ ሄደህ ጮኸሃል አሉ። ይሄ ምላስህ ያስበላሃል። ውጣ!»

ግዛቸው ጸሎተኛ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ቢታሸግም ታቦር ተራራ ሥር ባለች ቤቱ ከሚስቱ ከታቢታ ጋር ይንበረከካል። ድሮ «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን ከእጃቸው አስጥልልኝ» ይል ነበር። አሁን ጸሎቱ ተለወጠ። «ያን ሰው በእጄ ጣልልኝ» ማለት ጀመረ። ታቢታ በዚህኛው ላይ አሜን አላለችም።

ረቡዕ ላንድሮቨሯ መጣች። ያን ቀን ካድሬው ሲወጣ ጉልላት ሻዩን ሳይነካው በመስኮት ወደ መጋዙ አዳራሽ ሲመለከት ዋለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጸሐፊዋ ሮማን መጣች። የግዛቸውን ዓይን ማየት አልቻለችም።

«አቶ ጉልላት ይፈልጉሃል። የዲላው መኪና ሳይወጣ ቶሎ ይምጣ ብለዋል።»

«ተራዬ ደረሰ በይኛ!» አለ። ግዛቸው ሦስት ማዕዘኗን ሞረድ በቱታው ውስጥ ሸጎጠ። ጫፏን ለብዙ ቀን ሲያሾላት ከርሟል።

ጉልላት ብቻውን ነበር። ደብዳቤውን ወረወረለት። «ያለ ፈቃድ አምስት ቀን ከሥራ ቀርተሃል» ይላል። ቀኑ ያለፈው ሳምንት ነው።

«ያለፈውን ሳምንት ሙሉ እዚሁ ስሞርድ ነበር! እርስዎም አይተውኛል!»

«ወረቀቱ አልነበርክም ይላል። መታወቂያህን ወዲህ በል!»

«አልሰጥም።»

«አንተ ደረቅ! ውጣ ብያለሁ፣ መኪናው ይሄዳል!» ጉልላት ተነሥቶ በጥፊ መታው፣ ኮሌታውን ይዞም ወደ በሩ ጎተተው።

«ይቺ ለማቴዎስ!» አለ ግዛቸው። ሞረዷ ከጎድኑ ሥር እስከ እጀታዋ ገባች። ነቀላት። ደግሞ ወጋው። ከአዳራሹ መጋዙ ይጮኻል፣ የጉልላትን ድምፅ የሰማ የለም። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። በደም የራሰ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

«መኪናው...» አለ። «መኪናው...»

ግዛቸው ሦስተኛዋን አንገቱ ላይ አሳረፈ። ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ በነበረው የሻይ ውኃ ታጠበ፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። መኪናው ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፍቶ፣ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

ሮማን ሬሳውን ስታገኝ እሪ አለች እንጂ የማንንም ስም አልጠራችም። ሠራተኛውም አላለቀሰም። አንዱ «የእጁን አገኘ» አለ፣ ሌላው ምራቁን ተፋ።

ታቢታ ማታ ደም የነካውን ቱታ አይታ ሁሉን አወቀች። «ሽሽ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

«የሚጠረጠረው ከሥራ የቀረ ነው» አላት። «ነገ ከሁሉ ቀድሜ እገባለሁ።»

እንዳለውም ቀድሞ ገባ። ሞረዱን ይዞ ከመጋዙ ሥር እንደተቀመጠ ካድሬው ከአራት ጥበቃዎች ጋር ደረሰ። ሰደፍ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርሱ የጣውላው ብናኝ ላይ ወደቀ።

«ጉልላትን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ግዛቸው ደም በሞላው አፉ። «ለወንድሜ ነው። አልጸጸትም።»

ካድሬው የያዘውን ማኅደር ገልጦ ፎቶግራፉን ከፊቱ ጋር አስተያየ።

«ለጉልላት ብለን አልመጣንም። እኛ የመጣነው ቀበሌ ላይ ለጮህከው ነው» አለ። «ወንድምህንም ሌሎቹንም ለመያዝ በመጣን ቁጥር ሐሙስ ተባረሩ እየተባልን ባዶ ቤት ስንበረብር ከረምን፣ እስከ ዛሬ አንድም አልተያዘልንም፤ አንተን ግን ሳትባረር ደረስንብህ።»