ቅባት ያረፈበት ነጠላ

ከበላ ሰውና ካበላ ሰው የቱ ይብሳል? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

ባሌ እንደሻው ተማሪ ነው። እዚህ ሐረር የፈረንጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ፈረንሳይኛ ይማራል። ሲጨርስ ጅቡቲ ወርዶ ወደቡ ላይ አስተርጓሚ ሊሆን ነው አሉ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ተኝቻለሁ፤ እሱ ከትምህርት ሲወጣ ወደኔ አይመጣም። በጁገሉ ግንብ በር ገብቶ፣ የጊደር መጋላን ገበያ አቋርጦ፣ ጓደኛው ዐብዱልወሃብ ቤት ይቀመጣል። ተማሪዎቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ሳቃቸው ከገበያው ጫጫታ በላይ ይሰማል ይላሉ።

«ምን ስትሉ ነው የምትውሉት?» ብዬ ስጠይቀው፣

«እናጠናለን» ይላል።

«ጥናት እንዲህ ያስቃል?»

«የዐብዱልወሃብን ፈረንሳይኛ ብትሰሚ አንቺም ትስቂ ነበር።»

እኔ መሳቂያ ጊዜ የለኝም። ልጄ ሲወለድ ከሲታ ነበር፤ እጁ እንደ ጭራሮ። ጡቴም እንቢ ብሎ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።

ያናደደኝ ግን ሳቃቸው አይደለም። ነጠላውን ላጥብለት ስዘረጋው ጥለቱ ላይ ቅባት አገኘሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላምባ ነው፤ ከፋኖሱ ፈሶብኝ።»

«ላምባ ይረጋል እንዴ እንደሻው?»

መጽሐፉን አንሥቶ ወጣ።

ልታርሰኝ የመጣችው አክስቴ ለተማርያም ነጠላውን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

«ስብ ነው» አለች። «እዚያ ቤት በግ የሚታረደው በማን ስም ነው? አንቺ ልጅ፣ ባልሽ የእስላም ሥጋ በልቷል።»

«ተይ አክስቴ!»

«ምን ተይ! የልጁ ክርስትና እሑድ ነው። አባትየው በልቶ ከተገኘ የቄደር ጸሎት ተደግሞለት እንደ አዲስ ሳይጠመቅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደርስም። ቄሱ ይሄን ሰምተው ልጁን የሚያጠምቁልሽ ይመስልሻል?»

ይህ ጭራሮ የሚያህል ልጅ ሳይጠመቅ አንድ ነገር ቢሆንስ? ማን ይመልስልኛል? ሳቃቸው?

ማታ እንደ ልማዱ ሾርባ ይዞልኝ መጣ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ያለችው አክስቱ ጽጌሬዳ ናት የምትልክልኝ። ሰርጋችን ላይ እንኳ ያልመጣች ሴት ናት፤ ልጅ ሲወለድ አንጀቷ ራራ መሰለኝ።

«ና፣ አብረኸኝ ቅመስ» አልኩት፤ ልፈትነው።

«አንቺ ጠጪ፤ ለጡትሽ ነው። እኔ ጠግቤያለሁ።»

«የት ነው የጠገብከው?»

ሾርባውን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«የት ነው የጠገብከው ነው የምልህ!»

«ብርነሽ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጪው።»

ንዴቴን ከሾርባው ጋር ዋጥኩት።

በማግሥቱ ግን አልቻልኩም። ልጄን አዘልኩ። አራስ ከብረት አትለይም ተብሎ አጠገቤ የተቀመጠውን ቢላ መቀነቴ ውስጥ ሻጥ አደረግሁ።

«አንቺ! አራስ ፀሐይ ላይ ወጥታ! ይለክፍሻል!» ትላለች ለተማርያም ከኋላዬ።

«ይልከፈኝ!»

ዐብዱልወሃብ ቤት ስደርስ ደጁ በጫማ ተሞልቷል። እነዚያ ጎረምሶች መደቡ ላይ ተደርድረው ፈረንሳይኛቸውን በዜማ ያንበለብሉታል። አንዱ ቢላዬን አየና፣

«እንደሻው፣ ተነሥ! ሚስትህ ልታርድህ መጣች!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ማረዱንማ እናንተ ታውቁበታላችሁ!» አልኩ። «ባሌን ምን እያበላችሁት ነው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዐብዱልወሃብ ተነሣ።

«እኅቴ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! እዚህ ቁጭ ብሎ የበላው ይበቃናል። እሑድ ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢመለስ አንተ ነህ ክርስትና የምታነሣልኝ?»

ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወላሂ፣ እንደሻው እዚህ ቤት ሥጋ በአፉ አልዞረም። የራሱ ድስት ያቻትልሽ። ሽሮውን ራሱ ነው የሚያንተከትከው። እኛ ስንበላ ጀርባውን ሰጥቶን ያነባል። እንደሱ ያለ ግትር የት አለ?»

አየሁ። ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ድስት ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ አፏ ላይ ሽሮ ደርቋል። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰ።

«ታዲያ ስቡ ከየት መጣ?»

ዐብዱልወሃብ ወደ እንደሻው ዞረ። እንደሻው ብድግ ብሎ ክንዴን ያዘ። ላብ አጥምቆታል።

«ብርነሽ፣ ወደ ቤት እንሂድ። እዚያ እነግርሻለሁ።»

«እዚሁ ንገረኝ! በጓደኞችህ ፊት!»

«እባክሽን፣ እባክሽን እንሂድ...»

ጩኸቴን ሰምተው የዐብዱልወሃብ እናት ሰዐዲያ ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብናደድም አንገቴን ሰበር አደረግሁ። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም። በቀጥታ ወደ ጀርባዬ ዞረው የልጄን ጉንጭ ቆንጠጥ አደረጉት።

«ማሻ አላህ! ይሄ ነው ያ ከሲታ? አባቱ እዚህ ቁጭ ብሎ ያለቀሰለት? እዩትማ የኔን ሾርባ፣ እንዴት አድርጎ እንዳወፈረው! ዛሬም በግ አሳርጃለሁ፣ ልጄ፤ ትኩሱን ይዘሽ ሂጂ።»

ክርስትናው እሑድ ነው፤ ልጁ አሁን ርቦት ያለቅሳል፤ ጡቴ ሞልቶ ይፈሳል፤ እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ፣ ላጥባው?