የሐሙሱ አውራ ዶሮ

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ስድሳ ሁለት፣ አርባ አንደኛው የተሰበረ። ወለሉ አራት እርምጃ በሦስት፣ አልጋው አንድ፣ ተኚው ሁለት።

ሁለቱ ተኚዎች እዚህ ክፍል ተያይተው አያውቁም። አንዱ ማታ ይተኛል፣ ሌላው ቀን። አከራይዋ ስም አትጠይቅም፤ «የማታው» እና «የቀኑ» ትላቸዋለች። ቁልፉን የሚወጣው ከበሩ ጉበን ላይ ያስቀምጠዋል፣ የሚገባው ያነሣዋል። «ሰው የሚጣላው ሲተያይ ነው» ትላለች። በዚህ ሕግ ዘጠኝ ክፍል ለዐሥራ ስምንት ሰው አከራይታለች።

የማታው ልብስ ተኳሽ ነው። ከተማ ከገባ ሰባት ወሩ። የመጀመሪያ ማደሪያው ከሥራው ሁለት ሰዓት ይርቅ ስለነበር ሦስት ቀን አረፈደ፤ አለቃው «አራተኛ ከደገምክ በሩ ያውልህ» አለው። ሁለተኛው ማደሪያ ፈረሰ። ይህንን ያገኘለት መናኸሪያ የሚቆም ደላላ ነው፤ ከልብስ ተኳሹ አገር በኩል በመጣ አውቶቡስ የወረደውን ሁሉ ወደዚችው ሴት ይነዳል። ከዚህ ከወጣ ሥራውም አብሮ መውጣቱ ነው።

ያኔ የሚቀረው ወደ አባቱ መመለስ ብቻ ነው። ይህን እያሰበ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ከአገር የመጣ አንድ ሰው «እዚያ መሬት ሊወሰድ እየተለካ ነው» ቢለው ደንግጦ አባቱን ጠይቆ ነበር። «የሌላውን ነው» አሉት።

ሐሙስ ሐሙስ የእንፋሎት ማሽኑ ስለሚታጠብ የምሳ ዕረፍቱ ከሃያ ደቂቃ ወደ አርባ ያድጋል። ለአባቱ የሚደውለውም ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ገዝቶ የሰጣቸው ከመምጣቱ በፊት ነው። ጆሯቸው ስለሚከብድ የጥሪውን ድምፅ ራሱ መርጦ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገላቸው፤ ከአረንጓዴው ቁልፍ በቀር ሌላ እንዳይነኩም አስጠነቀቃቸው።

«አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ጋደም ብዬ ነበር። እርጅና አይደል?»

«ቤቱስ? መሬቱስ?»

«መሬት እግር አለው እንዴ፣ የት ይሄዳል? አንተስ ሁለቱ ክፍል ተመቸህ?»

«በጣም» ይላል የማታው። ሁለት ክፍል አለኝ ብሎ ከዋሻቸው ሰባት ወሩ ነው።

የቀኑ ከገባ ወር አልሞላውም። ብርድ ልብሱን አራት ላይ አጥፎ ይሄዳል። ነጠላ ጫማውን ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ጊንጥ እንዳይገባበት የፈራ ይመስላል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ! «ባላገር» ብሎ ሳቀበት የማታው፣ የራሱን ጫማ እየገለበጠ።

አንድ ሐሙስ ማታ አከራይዋ ደረጃው አናት ላይ ጠበቀችው።

«ዶሮውን የት ደበቃችሁት?»

«የምን ዶሮ?»

«አታሞኘኝ! ጎህ ሲቀድ ቢጮኽ ወግ ነው። በቀትር የሚጮኽ አውራ ዶሮ ምን ዓይነት ጉድ ነው? ሦስት ሐሙስ ሰማሁት፤ ከእናንተው ክፍል ነው።»

«ቀን እኔ የለሁም እኮ። እሱን አይጠይቁትም?»

«የተኛ ተከራይ አልቀሰቅስም። ሲወጣ ገብቼ አልጋው ሥር ሳይቀር በረበርኩ፤ ላባ እንኳ የለም። ሐሙስ ገበያ ነው። ሰውዬው ገዝቶ ያስገባና አትርፎ ይሸጣል።»

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አልጋችሁ አንድ፣ ጥፋታችሁም አንድ። በሚመጣው ሐሙስ ከጮኸ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

ሰባት ቀን ፈለገ። ጥሬ የለም፣ ኩስ የለም፣ ሽታ የለም። ለሰውዬው ደብዳቤ እንዳይጽፍ ማንበብ መቻሉን አያውቅም፤ እንዳይጠብቀው ሰዓቱ አይገጥምም። ሐሙስ ደረሰ። በዕረፍቱ ለአባቱ ደወለ።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ሁለት ክፍል የለኝም። አልጋዬም ሙሉ የኔ አይደለም፤ ማታ እኔ፣ ቀን ሌላ ሰው ይተኛበታል። እሱ ደግሞ ዶሮ እየደበቀ ሊያስወጣኝ ነው። ሐሙስ በቀትር ይጮኻል፣ አከራይዋ ሰምታለች።»

በስልኩ የአልጋ መንቋቋት ተሰማ።

«አባባ?»

«ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ሦስተኛ። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ምናልባት ሰውዬው መሄጃ የለው ይሆናል።»

«ቢኖረው ባይኖረው ለኔ ምኔ ነው? እኔ ብወድቅ እርስዎ አሉልኝ። ዛሬ ማታ ጠብቄ ከነዶሮው ነው የማስወጣው!»

«አትድከም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ራሱ ይወጣል።»

ሽማግሌ የሚለው አያልቅበትም ብሎ ዘጋ።

ማታ ሲመለስ ከግቢው በር ጥግ አንድ ሰው ራሱን ተከናንቦ ጥቅል ላይ ተቀምጧል። የማታው ሳያየው አለፈ። ከተማ ሰባት ወር የከረመ ሰው ጥቅል ላይ የተቀመጠ ሰው አያይም። ስድሳ ሁለቱን ደረጃ ወጣ።

አከራይዋ ቆማለች።

«ዛሬም ጮኸ።»

የደረጃውን ብረት ያዘ።

«አይዞህ፣ አንተስ ተረፍክ። ሰውዬው ራሱ ወርዶ ‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱን አትንኩት› ብሎ ዕቃውን ጠቀለለ። ቤቴን ካከራየሁ ጀምሮ ሳላስወጣው የወጣ እሱ አንድ ነው።»

«ዶሮውስ?»

«እኔ አላየሁም። ይዞት ሄዶ ይሆናላ።»

ክፍሉ ገባ። ብርድ ልብሱ አራት ላይ ታጥፏል። አልጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን የሱ ነው። የምሥራቹን እስከ ሐሙስ ማቆየት አልቻለም። አየር እንዲገባ መስኮቱን ከፈተና ለአባቱ ደወለ።

ከታች፣ ከግቢው በር ጥግ፣ አውራ ዶሮ ጮኸ።