በልኩ የተመረጠ መኪና

አበጋዝ መኪና ፍለጋ ክንፉ ዘንድ መሄዱ ሲሰማ የአርባ ምንጭ ሰፈሮች፣ ሲቀላም ሴቻም፣ ጉድ አሉ። እውነቱን ለመናገር ሰው የጠበቀው ሌላ ነገር ነበር።

ክንፉ ዛሬ የመኪና ደላላ ነው። ድሮ ከጫኖ ሙዝ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ያችን የጭነት መኪና እንደ እብድ ሲያበር የአበጋዝን ታናሽ ወንድም ሚካኤልን ገጨና ቦይ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ቆሞ እንኳ አላየውም፤ እግዜር ይይለት። ሚካኤል ያኔ ገና ተማሪ ነው፤ አጭር፣ ኳስ ይዞ ከሮጠ የማይያዝ ልጅ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከወገቡ በታች በድን ሆነ።

ነገሩን ያበረዱት የጋሞ አባቶች ናቸው። እርጥብ ሣር ይዘው አበጋዝ ደጅ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ ሰው እዚህ አገር የለም። አበጋዝ ጥርሱን ነክሶ «አልገድለውም» አለ። እነሱም መረቁት፤ ክንፉ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከእርቅ በኋላ የታረቁበትን ነገር ማንሳት ነውር ነው፤ ማንም አላነሳውም። ሚካኤልን ለሕክምና ብለው አዲስ አበባ እህቱ ፌቨን ዘንድ ወሰዱት። ክንፉም ስለ ልጁ መጠየቅ እያፈረ ዓመታት አለፉ።

የአበጋዝ ሆድ ግን አልበረደም። ክንፉ በመንገድ ሲያልፍ ባየ ቁጥር የሚያየው እግሩን ነበር።

እንግዲህ ይሄ አበጋዝ ነው አንድ ጠዋት ፂሙን አንዠርግጎ ክንፉ ቢሮ የገባው። ክንፉ ደንግጦ ወንበር ሳበለት፤ ለጨዋታ ያህል መነኮስክ እንዴ ጋሼ አለው። አበጋዝ አልሳቀም። አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ተጎታች ቤት ገዝቻለሁ አለ። አልጋና ምድጃ ያለው፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚሄድ ቤት ነው። ጎታች መኪና ደግሞ ያስፈልገዋል።

«እግሩ ለማይታዘዘው ሰው ነው» አለ። «እኔ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። መርጠህ የምትሰጠኝ አንተ ነህ።»

ክንፉ ወዲያው ገባው። ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። የበደሉን የሚክስበት ቀን የመጣ መስሎት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

የመጀመሪያው ፒካፕ ጉልበት ነበረው፤ ወንበሩ ግን ከፍ ብሎ ከዊልቸር ተንሸራቶ ለሚገባ ሰው አይመችም። ሁለተኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ተጎታቹን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። ሌላው ደግሞ በሩ በደንብ አይከፈትም፣ ዊልቸር ማስቀመጫም የለውም። አበጋዝ በቀላሉ የሚረካ ሰው አልነበረም። መኪና በመጣ ቁጥር ባዶ ዊልቸር አስጠግቶ ክንፉን እስኪ ተቀመጥበት ይለዋል። ከዚያ እግርህን እንዳታንቀሳቅስ፣ በክንድህ ብቻ ግባ ይለዋል። ክንፉ ላብ በላብ ሆኖ ይገባል። ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ፊት ለፊት ይጋጫል፤ አበጋዝ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋለታል።

ክንፉ አንዴ የሰውየው ቁመት ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀ። አንተን ያክላል አለው። ልጁ አድጎ ይሆናል ብሎ አሰበ ክንፉ፤ ይህም ሆዱን አባባው።

በመጨረሻ ሁሉም ነገር የተሟላለት ፒካፕ ከሐዋሳ መጣ። አበጋዝ ተጎታቹን አስረን የጨንቻን ቁልቁለት እንሞክረው አለ። ይሄን ጊዜ የክንፉ ሚስት አገኘሽ እግሩን ይዛ ለመነችው። ገደል ሊከትህ ነው አለችው፤ ሰፈሩም የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ክንፉ ሣር ይዘው ያስታረቁት ሰው አይነካኝም ብሎ ወጣ። አፉ ይህን ይበል እንጂ ልቡ ሌላ ይል ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ አበጋዝ ጥያቄውን አበዛው። መንጠቆው ቢከፈት ምን ይሆናል? ፍሬኑ ቢከዳስ? ክንፉ በመስኮት ቁልቁል አየ፤ የአባያ ሐይቅ ከታች ተዘርግቷል። እጁ የበሩን መክፈቻ ጨብጦ ቀረ። በሆዱ ኪዳነምሕረትን ተማጠነ።

ምንም አልሆነም። አበጋዝ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነዳና በሰላም አርባ ምንጭ መለሰው። ሴቻ ያለው ግቢው ገብተው ቆሙ። ክንፉ ወርዶ መሬት ረገጠ። አፈረ፤ እንባውም መጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬ የምትገድለኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ይቅር በለኝ።»

«እኔ ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል አላፈርስም» አለ አበጋዝ። «መኪናውስ? ተመቸህ?»

«እጅግ! እኔ እንኳ ደልቶኛል፣ ለሱማ እንዴት አይመቸው! ሚካኤልን መቼ ነው የምታመጣው?»

አበጋዝ የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈና መሬት ላይ የተጋደመ ትርፍ የመጎተቻ ብረት አነሳ።

«ሚካኤልን አዲስ አበባ ከቀበርነው ሰነበተ፤ መኪናውን የመረጥነው ላንተ ነው።»